በሁለት ጾም መሃል የቀቀልኩት እንቁላል

የእንቁላሉን ቅርፊት በሁለት ጣቷ ይዛ ከአመድ መድፊያዬ ላይ ቀና ስትል፣ ያን ጊዜ ነው አለቀልን ያልኩት።

ጠዋት ነበር። ጊዜው ሁዳዴ ነው፤ ደብረ ዘይት ካለፈ ሳምንት ሆኖታል። እኔ ደጄን እጠርጋለሁ፣ ዶሮዎቼ አመዱን ይጭራሉ። እሷ የቀበሌያችን የሴቶች ሊቀመንበር ናት። ለስብሰባ ልትጠራኝ መጥታ፣ ገና ደህና አደርሽ ሳትለኝ ዓይኗ ዶሮዎቹ እግር ስር አረፈ። ጎንበስ አለች፤ አነሳችው፤ አመዱን እፍ አለችበት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ቅርፊት ነዋ። ያውም የተቀቀለ። ጥሬ ቢሆን ለሁለት ነበር የሚከፈለው። ይኸው እይው፣ ከስሩ ያለው ስስ ቆዳ ይዞት ተፈረካክሶ ነው የተላጠው።» ወደ ፀሐይ አድርጋ አየችው። «በሁዳዴ፣ በአንቺ ቤት፣ እንቁላል የሚበላው ማነው እህት ዓለም?»

እንዲህ ብላ የጠየቀችኝ ቤቴን ስለምታውቅ ነው። ባሌ ከሞተ ቆይቷል። ሁለቱ ሴቶች ልጆቼ ወደ ድሬዳዋ ወጥተዋል። ወንዱን ልጄን ከሁለት ዓመት በፊት ከገበያ አፍሰው ወደ ጦር ሜዳ ወስደውብኛል። ቤት ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ ደግሞ አራስ ሆኜ ካልሆነ በቀር ሁዳዴን ገድፌ አላውቅም። አንዲት ቅርፊት ማለት ሌላ ሰው ማለት ነበር።

ሌላው ሰው ልጄ ነው። ከጓዳዬ፣ ከእህል ጎታው ኋላ ተጋድሞ ሁለታችንንም ይሰማናል።

የመጣው ሁዳዴ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ነበር፤ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ በጓሮ በኩል፣ አጥሩን ገፍቶ። አላወቅኩትም። የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ሰጥቻቸው የመለሱልኝ ሽማግሌ ነው። ከግንባር ጠፍቶ፣ በኩታበር ዞሮ፣ ሰው ባለበት እየተደበቀ ሰው በሌለበት እየሄደ ነው የደረሰው። ደረቱ ያስለዋል። ሆዱ ምንም አይዝም፤ ሽሮ ባቀርብለት ያቃጥለኛል ይላል፣ እንጀራ ቢጎርስ ይመልሰዋል። የጠፋ ወታደር ከተገኘ እሱን ይረሽኑታል፣ የደበቀውን ያስሩታል ይባል ነበር። ሐኪም ቤት ወስጄው ማንን ላሳይ? በሦስተኛው ቀን አንድ እንቁላል ቀቅዬ በጨው ሰጠሁት። በላ። ዋለ፤ አልመለሰውም። ከዚያ ወዲያ እንቁላል ሆነ መድኃኒቱ።

ሁዳዴ ላይ እንቁላል አይሸጥም፣ አይበላም፤ ሁሉም ቤት ለፋሲካ ጭድ ውስጥ ያጠራቅመዋል። ስለዚህ ቤቴ እንቁላል መኖሩ አያስጠረጥርም። የሚያስጠረጥረው ማብሰሉ ነው። ብጠብሰው ሽታው ሦስት ቤት ይደርሳል። የቀረኝ መቀቀል ብቻ ነበር፤ እሱንም በዘዴ።

ባቄላና ስንዴ ለንፍሮ እዘፈዝፋለሁ። ሲነጋ ምንቸቱን እጥዳለሁ። እንቁላሎቹን ከታች በቀዝቃዛው ውሃ እደረድርና ንፍሮውን ከላይ አፈስበታለሁ፤ ሰው ገብቶ ክዳኑን ቢያነሳ የሚያየው የጾም ንፍሮ ነው። እንቁላል የፈላ ውሃ ላይ ከጣሉት ይሰነጠቃል፣ ነጩ ይወጣል፣ ሽታውም ደጅ ይደርሳል። ከውሃው ጋር አብሮ መሞቅ አለበት። ጨውም ጣል አደርግበታለሁ፤ ቢሰነጠቅ እንኳ ጨው ቶሎ ያረጋዋል። ሰዓት የለኝም። ውሃው መንተክተክ ሲጀምር አቡነ ዘበሰማያት እጀምራለሁ፤ ሠላሳ ጊዜ ስል አስኳሉ ድርቅ ይላል። ደረቅ ነበር የምፈልገው። ደረቅ አይንጠባጠብም፤ ጎታ ኋላ ተቀምጦ ይውላል፣ ቆረስ እያደረገ ይበላዋል። ያኔ ንፍሮውን በጭልፋ ገለጥ አድርጌ እንቁላሎቹን ከስር አወጣና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እነክራቸዋለሁ፤ ንፍሮው መብሰሉን ይቀጥላል። በሁዳዴ እንቁላል እየቀቀልኩ በጸሎት እቆጥር ነበር። እግዚአብሔር እንዴት እንዳየው አላውቅም። እኔ ግን ሌላ የምቆጥርበት አልነበረኝም።

ቅርፊቱን መጀመሪያ እሳት ውስጥ ጣልኩት፤ ከረፋ፣ ተንጣጣ። ከዚያ በመጅ ፈጭቼ አመድ ውስጥ መቅበር ጀመርኩ። ያን ዕለት ግን እጄ ደከመኝ፤ ሳልፈጨው ቀበርኩት። ዶሮዎቼን ረሳኋቸው። ራሳቸው የጣሉትን ራሳቸው ጭረው አወጡብኝ።

እንግዲህ ቅርፊቷን ይዛ ቆማለች።

ይህች ሴት ማን እንደሆነች ልናገር። ይህን ልጄን ስወልድ ገንፎዬን ያገነፋችው እሷ ናት። ይህን የምጽፍበትን ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ያን ጊዜ አጠገቤ ተቀምጣ፣ «ሀ»ን እየሳልን በእጃችን ጠመዝማዛነት ስንስቅ የነበርነው እሷና እኔ ነን። እሷ ጎበዝ ወጣች፤ ሊቀመንበር አደረጓት። ልጆቻችንን ደግሞ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ገበያ፣ በአንድ መኪና ነው የጫኑብን። ሊቀመንበርነቷ ልጇን አላስቀረላትም። መኪናው ወደ ደሴ ሲነሳ ተቃቅፈን ነው ያለቀስነው።

የእኔ ልጅ በመጣ ማታ፣ ገና ውሃ ሳይጠጣ የነገረኝ ስለሷ ልጅ ነው። «በእጄ ነው የቀበርኩት እማ» አለኝ። «አንድ ምሽግ ውስጥ ነበርን።» ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷን ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይር ነበር። ልጅሽ ሞቷል ብላት፣ ማን ነገረሽ ትለኛለች። ማን ነገረሽ ካለችኝ ልጄ አለቀ።

«ማነው አልኩሽ እኮ» አለች።

አንደበቴ ወደ ቀረበልኝ ሄደ። «ለጎረቤቴ ነው» አልኳት። «ለሼኹ ሚስት። እኔ ዘንድ መጥታ ነው ጠዋት የበላችው።»

ጎረቤቴ የሼኹ ሚስት ናት። አጥራችን አንድ ነው። ባሏ ቁርዓን ያስተምራሉ፤ ግቢያቸው ደረሳ አይለየውም። የእሷ ሥጋ ለእኔ አይሆንም፣ የእኔ ለእሷ አይሆንም፤ እንቁላል ግን ቢላዋ አይነካውም፣ ማን ባረከው አይባልም፤ ከቤት ቤት ይሄዳል። ውሸቴ መልካም መስሎኝ ነበር።

ሊቀመንበሯ ሳቀች። «ጠዋት?»

«ጠዋት።»

«ዛሬ?»

«አዎ ዛሬ።»

«ረመዳን በገባ በአምስተኛው ቀን? የሼኽ ሚስት?»

ያን ዓመት ሁለቱ ጾም ተገናኝተው ነበር። እነሱም ጾመዋል፣ እኛም ጾመናል፤ በሰፈሩ በጠራራ ፀሐይ እህል የሚቀምስ ሕፃንና በሽተኛ ብቻ ነው። አምስት ቀን ሙሉ ማታ ማታ የማፍጠሪያቸውን አዛን ስሰማ ሰንብቼ፣ በዚያች ሰዓት ከአእምሮዬ ተነቀለ። የራሴን ጾም ብቻ ነበር የምቆጥረው። ጓዳው ውስጥ እንኳ ትንፋሽ የጠፋ መሰለኝ።

በዚህ መሃል የአጥሩ በር ተከፈተና ጎረቤቴ ገባች፤ እጇ ሊጥ እንደነካው።

«አሰላሙ አለይኩም። ምን ሆናችሁ ነው ቆማችሁ የምትቀሩ?»

«ጠዋት እንቁላል በልተሻል እየተባለ ነው» አለቻት ሊቀመንበሯ። «ሚስትየዋ ከበላች ሼኹ ምን ሊሉ ነው?»

ጎረቤቴ አየችኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየችኝ። ስለ ልጄ ምንም አልነገርኳትም ነበር። ሃያ ዓመት እሳት ተጫጭረን፣ ጨው ተበዳድረን፣ ያን ያህል ሳምንት አጥሬ ስር ልጄን ደብቄ አልነገርኳትም።

«ኧረ አይ!» አለች። «እሷ እኮ አንቺን ስታይ ትርበተበታለች፤ ጠዋትና ማታው ይጠፋባታል። ማታ ለማፍጠሪያ ነው የበላሁት። እንቁላል ነው ሆዴን የሚይዝልኝ። ሼኹ ደግሞ ሽታውን አይወዱትም፤ ስለዚህ እዚህ ታበስልልኛለች።»

«ማይልኝ።»

«ምን?»

«ረመዳን ነው አይደል? ማይልኝ።»

ጎረቤቴ እጇን ሊጡ እንደያዘ ደረቷ ላይ አደረገች። «ወላሂ» አለች። «እኔ ነኝ የበላሁት።»

እንቁላል ሽታው የማይሆንላት እሷ ራሷ ነበረች። ሼኹ ምንም አይሉም። እሷ ግን ልጅ ሆና አንድ ጊዜ የተበላሸ እንቁላል አፏ ውስጥ ፈርጦ፣ ከዚያ ወዲህ ዶሮ ወጥ ሲሠራ እንኳ አፍንጫዋን ይዛ ነው የምታልፈው። ሰፈሩ ይስቅባት ነበር። ሊቀመንበሯም ይህን ሳታውቅ አልቀረችም።

«እንግዲያው መልካም» አለች፤ ቅርፊቷን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። «ዛሬ ማታ መጥቼ አብሬሽ አመሻለሁ። ሲያፈጥሩ ማየት ደስ ይለኛል። እዚሁ፣ እሷ ቤት።»

አመሻሽ ላይ መጣች። መደቡ ላይ ተቀመጠች፤ ጀርባዋን ለጓዳው ግድግዳ ሰጥታ። ከጀርባዋ አንድ ክንድ የማይሞላ ጭቃ ነው፤ ከጭቃው ኋላ ጎታው፤ ከጎታው ኋላ ልጄ። አፉን በጋቢ ጠቅጥቆ እንዲተኛ ነግሬዋለሁ።

አራት እንቁላል ቀቅዬ ልጬ በሰሃን አቀረብኩ። በዚያ ቤት ከተቀቀለው ሁሉ በግልጽ የቀቀልኩት ያን ብቻ ነው። ጎረቤቴ ሰሃኑን አይታ ፊቷ ነጣ። አዛኑ ሲሰማ «ቢስሚላህ» ብላ ውሃ ተጎነጨች። ከዚያ አንዱን አነሳች።

«ደግሞ እንዲህ አፍጥጠሽብኝ እንዴት ይወርድልኛል?» አለቻት።

«ብዪ ብዪ። እኔ ምራቄን እውጣለሁ።»

«ፋሲካሽ ሲደርስ እኔም መጥቼ አጠገብሽ እቀመጣለሁ። አጥንቱን እቆጥርልሻለሁ።»

«ምነው ቀስ አልሽ? የሚወዱትን እንዲህ ነው የሚበሉት?»

«ልጠግብ ብዬ ነው የምበላ፣ ልጨርስ ብዬ አይደለም» አለችና በግማሽ ገመጠችው።

አንዱን ዋጠች። ሁለተኛውን ዋጠች። በግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ሲል እኔ ነኝ የማየው። ሦስተኛውን አፏ ውስጥ ስታደርግ፣ ከጓዳው ሳል ተሰማ። ትንሽ ናት፣ የታፈነች ናት፣ ግን ሳል ናት።

ጎረቤቴ ሰማች። ዓይኗ ወደ እኔ ዞረ፤ ያን ጊዜ ሁሉ ነገር ገባት። ወዲያው ራሷ ማሳል ጀመረች። አስኳሉ ደረቅ ነው፤ ጉሮሮ ይይዛል። ጉሮሮዋን ይዛ ሳለች፣ ተንበርክካ ሳለች፣ ቢጫው ፍርፋሪ ከአፏ እየተረጨ፣ እንባዋ እየወረደ፣ እኔ ጀርባዋን እየደቃሁ፣ ቤቱ በሳል ሞላ። ጓዳ ያለውም በዚያ መሃል የያዘውን ለቀቀው። የማን ሳል የማን እንደሆነ እኔም አልለየሁም።

ስትጨርስ ውሃ ጠጣች። «አደረቅሽው» አለችኝ። «ስንቴ ልንገርሽ? እንዲህ አታድርቂው።»

ሊቀመንበሯ ተነሳች። ነጠላዋን አስተካከለች። ልሸኛት ደጅ ስወጣ ቆመች፤ ፊቷን ወደ እኔ ሳታዞር ነው የተናገረችው።

«አንቺ፣ ከግንባር የመጣ ሰው ድንገት ብታገኚ፣ ስለ ልጄ ጠይቂልኝ። ለማንም አልናገርም። ምን እንደሆነ ብቻ።»

አፌ ተከፈተ። ልነግራት ነበር። ከዚያ ደግሞ፣ ወጥመድ ቢሆንስ አልኩ። ልጇ መሞቱን ስትሰማ የእኔ በሕይወት መኖሩ ቢከብዳትስ? ገንፎዬን ያገነፋችው ሴት ናት፤ በሬን የምታስከፍትብኝም እሷው ናት። የትኛዋ እንደምትናገረኝ በምን ልወቅ?

«ከየት አገኛለሁ ብለሽ ነው» አልኳት።

«አዪ እንግዲህ» አለችና ሄደች። ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠሮዋ እንዳለች ነበር።

ስመለስ ጎረቤቴ ጓሮ ቆማ የበላችውን ሁሉ አውጥታለች። አፏን በነጠላዋ ጠረገች።

«ልጅሽ ነው?»

«እሱ ነው። አፉ በይኝ፣ ማሪኝ።»

«መቼ መጣ?»

«ሁዳዴ ሲገባ።»

«መሐላው አላህና እኔ የምንነጋገርበት ነው» አለች። «እጾምበታለሁ፣ ዱአ አደርግበታለሁ። አንቺ ግን ሳትነግሪኝ አስማልሽኝ። ብትነግሪኝ አልምልም ነበር ብለሽ ነው? እንዲህ ነው የምታውቂኝ?»

ፈርቼ ነው ብላት ምን ይሆናል። ሁሉም ፈርቷል። ያ ዘመን ከወሰደብኝ ሁሉ ይህ ነው እስካሁን የሚያመኝ፤ የሚያምነኝን ሰው እንዳላምን አደረገኝ። አይ፣ ዘመኑን ምን አመጣው። እኔ ነኝ ያላመንኳት።

ትንሽ ቆይታ ግን እንደልማዷ «አብሽሪ» አለችኝ። «ከነገ ወዲያ እዚህ እንዳይቆይ። እሷ ሰምታለች።»

ከነገ ወዲያ የገበያ ቀን ነው፤ መንገዱ በሰው ይሞላል። ሼኹ ምንም ሳይጠይቁ አንድ ነጭ ጀለቢያ፣ አንድ ኮፍያና የእንጨት ሰሌዳ ላኩልኝ፤ ደረሶች ቁርዓን የሚጽፉበትን። ደረሳ ከሼኽ ወደ ሼኽ ሲዞር የሚኖር ነው፤ ከየት መጣህ የሚለው የለም። ልጄ አባይ ማዶ፣ ጎጃም፣ እህቴ ወዳገባችበት ቆላ ይሻገራል። እዚያ መልኩን የሚያውቅ የለም፤ መኪናም አይገባም። እኔም አብሬው እሄዳለሁ፤ ከቀረሁ ማን ምን እንደሚያደርገኝ አላውቅም፣ እሱም ብቻውን አይደርስም።

በዋዜማው ከሦስት በቀር የቀረኝን እንቁላል ሁሉ፣ የፋሲካውን ጭምር፣ ቀቀልኩት። የቀቀልኩት ሃያ ሁለት ነበር። ሦስቱን ጥሬ፣ ጎረቤቴ ዶሮ ታስታቅፍባቸው ብዬ ስለተውኳቸው፣ የበሰሉት እንዳይደባለቁብኝ ጫፋቸውን በጥላሸት ነካ ነካ አደረግኋቸው። በቅርጫት፣ በጭድ ደረደርኳቸው። ዶሮዎቼን ለእሷ ሰጠሁ። «እንቁላላቸውን ምን ላርገው?» አለችኝ። ሁለታችንም ልንስቅ ፈልገን አልሳቅንም።

ሲነጋ ወጣን። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ እንደማንተዋወቅ ሆነን። ቀኑን ሙሉ አንዲት እንቁላል አልበላንም። እሱ በደረሳ ልብስ ረመዳን ነው፣ በሰው ፊት ውሃ እንኳ አይቀምስም፤ ለእኔ ሁዳዴ ነው። ሲርበው ከጀርባው አየዋለሁ፤ ትከሻው ይወርዳል። ሃያ ሁለት እንቁላል ተሸክሜ ልጄ በፊቴ በረሃብ ሲንገዳገድ እከተለው ነበር። ማታ በገደሉ አፋፍ አንድ ዋሻ ስር አደርን፤ ያኔ ሁለት በላ።

በነጋታው ወደ አባይ መውረጃው ላይ ኬላ ነበር፤ ሁለት ጠባቂዎች ዛፍ ስር ተቀምጠዋል። ልጄ ቀድሞ ደረሰ። ሰላምታ ሰጠ።

«ደረሳ፣ ዱአ አድርግልን እስቲ» አለው አንደኛው።

የተጠመቀው ልጄ ሁለት እጁን ዘርግቶ ዱአ አደረገ። ከጎረቤት ደረሶች ጋር ያደገ ነው፤ አንዲት ቃል አልሳተም። መሃል ላይ ሳል ያዘው።

«ጾሙ ጎድቶታል» አለ ጠባቂው። «ሂድ፣ እለፍ።»

ተራው የእኔ ሆነ።

«እማማ፣ ምን ይዘሻል?»

«እንቁላል ነው ልጄ።»

«ወዴት?»

«ማዶ እህት አለችኝ። ዶሮ ልታስታቅፍ ነው።»

አንዱን አነሳ። አገላበጠው። «ይሄ ጥላሸት ምንድን ነው?»

አንደበቴ ይህን ጊዜ አልከዳኝም። «ለዕቅፍ ነዋ» አልኩት። «የታቀፈችው ዶሮ ሌላ ስትጥልበት እንዳይምታታ ይለያል።»

«እውነቷን ነው» አለ ለጓደኛው። «እናቴም እንዲህ ነው የምታደርገው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «የሚስቴ ዶሮ አልነሳም ብላ ባዶ ጎጆዋን ታቅፋ ውላ ታድራለች። አራት ስጪኝ።»

አራት የተቀቀለ እንቁላል ቆጥሬ ሰጠሁት። በኮፍያው ውስጥ እንደ ብርቅ ነገር አስቀመጠው። «እግዜር ይስጥሽ፣ ካወጣች አንቺን ነው የማመሰግን» አለኝ።

ቁልቁለቱን ትንሽ እንደወረድኩ ሳቅ መጣብኝ። ያቺ ምስኪን ዶሮ ሃያ አንድ ቀን ሙሉ የማይፈለፈል ታቅፋ ልትቀመጥ ነው። ከዚያ ሊቀመንበሯ ትዝ አለችኝ። ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ። እሷም ታቅፋ ተቀምጣለች፤ አለመፈልፈሉን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ሳልነግራት ጥያት መጣሁ።

አባይ በዚያ ወቅት ውሃው ያነሰ ነው። አሻጋሪው ከፊት በትር እየተከለ፣ እኔ ቅርጫቱን በራሴ ተሸክሜ፣ ልጄ ቀሚሱን ጠቅልሎ፣ ወገባችን እየደረሰ ተሻገርን። ማዶ ስንደርስ አሻጋሪው ተመለሰ። ልጄ ትኩስ አሸዋው ላይ ዘፍ አለ። ኮፍያውን አወለቀ።

«እማ፣ ልብላ?»

ከቅርጫቱ ሰጠሁት። በቀን ብርሃን፣ ሜዳ ላይ፣ ድንጋይ ላይ መትቶ ላጠው። ልጄ ከመጣ ጀምሮ ተቀምጦ ሲበላ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሁለተኛውን ሲልጥ ድንገት ቆመ።

«ለጓደኛዬ እናት ነገርሻት?»

«አልነገርኳትም።»

«ጠይቃሽ ነበር። በግድግዳው ሰምቻታለሁ።»

«ጠይቃኝ ነበር።»

እንቁላሉን ለጥቂት ጊዜ በእጁ ይዞ ሳይበላው ቆየ። እኔ አሸዋው ላይ የወደቀውን ቅርፊት መልቀም ጀመርኩ። አንዷንም ሳላስቀር እለቅማለሁ፤ መዳፌ ሞላ። ልፈጨው ድንጋይ ስፈልግ አየኝ።

«እማ፣ ምን ታደርጊያለሽ? ተዪው እንጂ። እዚህ ማን ያየዋል?»

መዳፌን ከፈትኩት። ነፋሱ ጥቂቱን ወሰደው፤ የቀረው እዚያው አሸዋው ላይ ቀረ። ሲመሽ እህቴ ቤት ደረስን። የሚፈልገን ሰው አልነበረም። ልጄ ተርፏል፤ እኔም ተርፌያለሁ።